የነሐሱ እጅ ከኤግዚቢሽኑ ስለወጣበት ሁኔታ

የምስክሯ ስም፦ ሃሌሉያ ሰይፈ ሚካኤል
ዕድሜ፦ 29
አድራሻ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ሥራ፦ በኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የስፌት ማሽን ጥገና ሠራተኛ
አቤቱታ አቅራቢ፦ ዮኒስ ዒብራሂም
ተጠርጣሪ፦ አብዱላሂ ሙሜ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ፦ ዋና ሳጅን ዘነበች ተካ

ስለጠፋው የነሐስ እጅ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። አቤቱታ አቅራቢው ዮኒስ ጓደኛዬ ነው። ደቻቱ ሰፈር ቶርኖ ቤት ያለው የብረት ሠራተኛ ሲሆን ከጥቂት ዓመታት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ተጠርጣሪውን አቶ አብዱላሂን ግን ከትናንት እሑድ በፊት አይቻቸው አላውቅም፤ በመካከላችን ዝምድናም ሆነ ጠብ የለም።

እኔና ዮኒስ የተዋወቅነው ስቲምፓንክ የሚባለውን ነገር በሚወዱ ሰዎች ስብስብ ውስጥ ነው። ይህ ምን እንደሆነ፣ ሃይማኖት ወይም የፖለቲካ ድርጅት መሆን አለመሆኑን መርማሪዋ ጠይቀውኝ፣ ሁለቱንም እንዳልሆነ አስረድቻለሁ። መነሻው ልብ ወለድ ነው። ናፍጣና ኤሌክትሪክ ባይመጡና ዓለም እስከ ዛሬ በእንፋሎት ብትንቀሳቀስ ኖሮ ምን ትመስል ነበር በሚል ሐሳብ የተጻፉ መጻሕፍት አሉ። በድንጋይ ከሰል የሚበሩ መርከቦች፣ በሞላ የሚራመዱ የብረት እንስሳት፣ እጃቸው በግራሶ የጠቆረ ሴት መሐንዲሶች ይገኙባቸዋል። መጻሕፍቱን የወደዱ ሰዎች ማንበቡ ብቻ አልበቃ ብሏቸው በታሪኩ ውስጥ ያለውን ልብስና ዕቃ ራሳቸው ይሠራሉ። እኛም እንደዚያው ነን። ፋርሒያ የምትባል የእንግሊዝኛ መምህርት መጻሕፍቱን እያነበበች በአማርኛ ትተርክልናለች፤ ራሷም ትጽፋለች። ዮኒስ ከቁራሌ የሚያገኘውን የቧንቧ ራስና የድሮ ፕሪመስ እያቀለጠ ይሠራል። እኔ ቆዳና ጨርቅ እሰፋለሁ።

የኤሌክትሪክ ባቡር በሚመላለስበት በዚህ ዘመን ሰው ለምን እንፋሎት እንደሚያምረው መርማሪዋ ጠይቀውኛል። ስልኬ ተበላሽቶ ብከፍተው ምኑ ምን እንደሚሠራ አላይም፤ ዮኒስ የሠራት ትንሽ ሞተር ግን ውሃው ሲፈላ፣ ፒስተኑ ሲገፋ፣ ጎማው ሲዞር ዓይኔ እያየ ነው፤ ለዚህ ነው ብዬ መልሻለሁ። መርማሪዋ ይህ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት እንደሌለው ገልጸው፣ ሞተሯ ምን ያህል ውሃ እንደምትይዝ ግን ጠይቀውኛል። አንድ ብርጭቆ ያህል ብያለሁ።

የጠፋው ዕቃ የቀኝ እጅ ነው። ፋርሒያ በጻፈችው ታሪክ ውስጥ ዐስሊ የምትባል፣ ከድሬዳዋ እስከ ባሕሩ ድረስ የእንፋሎት ባቡር የምትነዳ ሴት አለች። ዐስሊ ቀኝ እጇን በአደጋ አጥታ በነሐስ ትተካዋለች። ዮኒስ ይህን ሲሰማ ያንን እጅ ካልሠራሁ ብሎ ባለፈው ክረምት ጀመረው። ክንዱ ባዶ ቱቦ ሆኖ ውስጡ በቆዳ ተለብጧል፤ የለበጥኩት እኔ ነኝ። ከጣቶቹ የሚነሣ የሳይክል ፍሬን ሽቦ በጀርባ ዞሮ በግራ ትከሻ ላይ ከሚታሰር ጠፍር ጋር ይያያዛል። ትከሻ ወደ ፊት ሲገፋ ጣቶቹ ይጨበጣሉ፤ ሲመለስ ይከፈታሉ። በክንዱ ላይ የተደረደሩት ጥርሳም ጎማዎች ለጌጥ ናቸው። ዮኒስ ለሰው ሲያሳይ ቡጢውን ጨብጦ ቱቦው ውስጥ ያስገባል፤ ያኔ ክንዱ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ስለሚመስል ሰው ይስቃል። እጅ የሌለው ሰው ያጠልቀዋል ብሎ ከመካከላችን ያሰበ አልነበረም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከዚራ ውስጥ በሚገኝ አንድ የወጣቶች ማዕከል ግቢ የሠራናቸውን ዕቃዎች ለሕዝብ አሳይተናል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አቶ አብዱላሂ ገቡ። ወደ ሃምሳ የሚጠጉ፣ ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ የለበሱና የቀኝ እጅጌያቸውን አጥፈው በመርፌ ቁልፍ ያያዙ ሰው ናቸው። ሌላውን ዕቃ ሳያዩ ቀጥ ብለው መጥተው እጁ ፊት ቆሙና ብዙ ቆዩ። ከዚያ በኦሮምኛ "ኩን ኒ ሆጄታ?" አሉኝ፤ ይሄ ይሠራል ወይ ማለታቸው ነው። እኔ ኦሮምኛ የምሰማው ለገበያ ያህል ነው። ሽቦውን ስቤ ጣቶቹ ሲጨበጡ አሳየኋቸው። "አንቺ፣ ለኔ ይገባል?" አሉ በአማርኛ።

እጁን ከማስቀመጫው አንሥቼ ያጠለቅሁላቸው እኔ ራሴ ነኝ። ለምን እንዳደረግሁት ስጠየቅ፣ ይገባ እንደሆነ ለማየት ጓጉቼ ነው ብያለሁ። ከክርናቸው በታች የቀረው ክንድ ቱቦው ውስጥ ልክ ገባ። ጠፍሩን በትከሻቸው አዙሬ አሰርኩላቸው። መጀመሪያ ትከሻቸውን ወደ ላይ ሰበቁ፤ ጣቶቹ ንቅንቅ አላሉም። ወደ ፊት ሲገፉ ተጨበጡ። ጠረጴዛው ላይ የነበረ የሃይላንድ ውሃ አነሡ፤ አስቀመጡት፤ እንደገና አነሡት። "አቦ!" ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቁመው፣ ውሃውን ሳያስቀምጡ ጣቶቹን ይመለከቱ ጀመር።

በዚህ መካከል ፋርሒያ ታሪኳን በድምፅ ማጉያ ማንበብ ጀመረች። ዐስሊ ፍሬኑ የተበላሸ ባቡር ይዛ ቁልቁለት የምትወርድበት ክፍል ነበር። አቶ አብዱላሂም ቆመው አዳመጡ። እኔ ሞተሯን እንዳስነሣ ከመድረኩ ተጠራሁ። ለመሄድ ዞር ስል ጎንበስ ብለው በጆሮዬ ተናገሩኝ። ድምፅ ማጉያው ከራሳችን በላይ ይጮኽ ነበር። የሰማሁት "ኒ ዴቢሳ" የሚለውን ነው፤ እመልሰዋለሁ ማለት ነው። ወደ ማስቀመጫው እመልሰዋለሁ ማለታቸው መስሎኝ "እሺ" ብዬ ሄድኩ።

መርማሪዋ ይህን ቦታ ደጋግመው ጠይቀውኛል። እመልሰዋለሁ የሚለውን በእርግጥ ሰምቻለሁ። ከሱ በፊት የተናገሩት ሌላ ቃል ነበር፤ እሱን ግን አልሰማሁም። እኔም እሺ ማለቴን በእርግጥ አስታውሳለሁ። ሰውየውን ለመጥቀም የምጨምረው፣ ጓደኛዬን ላለማስቀየም የምቀንሰው የለኝም።

ስመለስ ማስቀመጫው ባዶ ነበር። ዮኒስ በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ በሚደረግ የእጅ ሥራ ውድድር ሊያቀርበው ስለነበር ራሱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቆይ፣ ሰውየው እመልሰዋለሁ ብለዋል አልኩት። "መቼ? ከየት አምጥተው? ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሽም!" አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልጠየቅሁም። ወዲያው ፖሊስ ጠራ። በር ላይ የነበረ የባጃጅ ሹፌር፣ የነሐስ እጅ ያጠለቀ ሰው ወደ መልካ ጀብዱ የሚሄደው ሚኒባስ ጋ ማድረሱን ነገረን። "ሂሳቡን የሰጠኝም በሱ እጅ ነው፤ እኔ ደግሞ ሳንቲሙን ይጥለዋል ብዬ ሳይ ነበር" አለ።

እኔ፣ ዮኒስና ኮንስታብል ሲሞን መልካ ጀብዱ የደረስነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። መጀመሪያ የጠየቅነው ሰው ቤቱን አሳየን። አጥሩ ውስጥ አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ቆሞ ጎረቤት ከቦታል። አቶ አብዱላሂ በሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሞተሩ አልተነሣም። የነሐሱ እጅ ማርሹን ጨብጧል። ፍሪሲዮን እየረገጡ ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት ለማስገባት ይሞክራሉ፤ ሦስት ላይ ሲደርሱ ጣቶቹ ያመልጣሉ፤ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ራሕማ የመኪናውን በር ይዘው ቆመው ነበር። ባላቸው ዕድሜውን ሁሉ የጭነት መኪና ሾፌር እንደነበር፣ እጁን ያጣው መኪና ተገልብጦበት እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ መኪናውን የሚነዳው ወንድሙ እንደሆነና እሱ እዚያ ወንበር ላይ ወጥቶ እንደማያውቅ ነገሩን።

ኮንስታብሉ እንዲወርዱ ሲያዟቸው አቶ አብዱላሂ እኔን አዩኝ። "ነግሬሽ የለ? እዚያ ማርሽ የለም እኮ። ቤት ወስጄ ልሞክረውና እመልሰዋለሁ አልኩሽ። እሺ አልሽኝ" አሉ። እሺ ማለቴን ለኮንስታብሉ እዚያው ተናግሬያለሁ።

ዮኒስ ሊጮኽባቸው ተዘጋጅቶ ነበር፤ በመንገድ ሁሉ የሚላቸውን ሲያጠና ሰምቼዋለሁ። ግን በሌላኛው በር ወጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠና እጁን ተመለከተ። ከዚያ "ሦስት ላይ ለምንድን ነው የሚያመልጠው? እስቲ ድገመው" አለ። ደገሙት። "አውራ ጣቱ ነው። እኔ የሠራሁት ብርጭቆ እንዲይዝ ነው" ብሎ ከኪሱ ካቻቢቴ አወጣ። ኮንስታብሉ ዕቃው ኤግዚቢት ስለሆነ እንዳይነካ ከለከሉት። አቶ አብዱላሂ ግን ወሬውን ቀጠሉ።

"ይከብዳል፤ ትከሻዬን ጨረሰው። እነዚህ ጥርሶች ምን ይሠራሉ?"

"ምንም።"

"እንዴት ምንም?"

"ለዓይን ነው።"

"ለዓይንህ ብዬ እኔ ልሸከም? ወላሂ አንተስ!"

ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። ዮኒስ አልሳቀም። ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ ስለሠራሁት ዕቃ ያምራል ያለኝ ሰው ብዙ ነው፤ ይከብዳል ያለኝ ግን እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው አለኝ። አቶ አብዱላሂ ከኛ ጋር ወደ ጣቢያ ተወስደው እዚሁ አደሩ።

ዛሬ ጠዋት ቃሌን ከመስጠቴ በፊት ፋርሒያ ለአቶ አብዱላሂ ቁርስ ይዛ መጥታ ነበር። ምግቡን ሳይቀምሱ የጠየቋት ያች ባቡር ነጂ ቁልቁለቱን በደኅና ወረደች ወይ ብለው ነው። ፋርሒያ በፍርግርጉ በኩል የቀረውን ስትተርክላቸው ተረኛው ፖሊስም ወንበሩን አስጠግቶ ሰምቷል። ዮኒስ አቤቱታውን ማንሣት እንደሚፈልግ በእኔ ፊት ለመርማሪዋ ገልጿል። መርማሪዋ ውሳኔው የዐቃቤ ሕግ እንደሆነና የእኔ ቃል ለዚያ እንደሚያስፈልግ ነግረውኛል። ለዛሬ የማውቀው ይህ ነው።

ተጨማሪ ቃል፣ ሰኞ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

አቶ አብዱላሂ ዕቃውን የወሰዱት ሊመልሱት አስበውና ተፈቅዶልኛል ብለው በማመን ስለሆነ መዝገቡ ተዘግቶ ባለፈው ሳምንት መለቀቃቸውን፣ ኤግዚቢቱም ለዮኒስ መመለሱን ዛሬ በፊርማዬ አረጋግጫለሁ። ከፈረምኩ በኋላ መርማሪዋ እጁ አሁን የት እንዳለ ጠይቀውኛል። ጥያቄው ለመዝገቡ አስፈልጓቸው ሳይሆን ለማወቅ ጓጉተው መሆኑን ነግረውኛል፤ ሆኖም ቃሌ እንዲጻፍ እኔ ጠይቄያለሁ።

እጁ አቶ አብዱላሂ ጋ ነው። ዮኒስ ከጣቢያ እንደተረከበው ጌጦቹን በሙሉ አወለቀ። የክንዱን ነሐስ በቀጭን አልሙኒየም ቀየረው፤ አውራ ጣቱን አዙሮ የጎማ ቁራጭ አለበሰው። ሲጨርስ እንደ ድሮው አላማረም። ይህን ስነግረው አውቃለሁ ብሎኛል። ውድድሩን በተመለከተ፣ ዳኞቹ እጁን ማየት ከፈለጉ ከነሰውየው ያዩታል ብሎ አቶ አብዱላሂን አብረውት አዲስ አበባ እንዲሄዱ ጠይቋቸዋል፤ እሺ ብለውታል።

ቅዳሜ ጠዋት ዮኒስ፣ ፋርሒያና እኔ መልካ ጀብዱ ሄደን ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ከብት እንኳ የሌለበት ደረቅ ሜዳ አለ። መኪናውን እስከዚያ የነዳው ወንድማቸው ነው። የአቶ አብዱላሂ መንጃ ፈቃድ አሁንም መሥራት አለመሥራቱን መርማሪዋ ጠይቀውኝ፣ መንገድ ላይ እንዳልወጡ፣ ለፈቃዱ የጤና ምርመራ ሊቀርቡ እንዳሰቡም ተናግሬያለሁ። አቶ አብዱላሂ ወንበሩ ላይ ወጡ፤ ወይዘሮ ራሕማ ከጎናቸው፣ እኔ ከበሩ በኩል ተቀመጥን። ቁልፉን ከማዞራቸው በፊት ብዙ ቆዩ። ላብ በግንባራቸው ይወርድ ነበር። ወይዘሮ ራሕማ "ካልፈለግህ ነገም ቀን ነው" አሏቸው። እሳቸው ግን ሞተሩን አስነሡ።

አንደኛው ገባ። መኪናው ተንገጫግጮ ሄደ። ሁለተኛው ገባ። ዮኒስ ከውጭ ከመኪናው ጎን እየሮጠ በመስኮቱ በኩል እጁን ያያል፤ "ትከሻህን! ትከሻህን ግፋው!" እያለ ይጮኻል። አቶ አብዱላሂ ትከሻቸውን ገፉ። ጣቶቹ ማርሹን አጥብቀው ያዙ፤ ሦስተኛው ያለ ምንም ድምፅ ገባ። ዮኒስ አቧራው ውስጥ ወደ ኋላ ቀረ። ወይዘሮ ራሕማ ዳሽቦርዱን በሁለት እጃቸው ይዘው "ቀስ በል!" አሉ፤ ፊታቸውን ሳየው ግን ይስቁ ነበር። አቶ አብዱላሂ ቀስ አላሉም።

ከላይ በሁለት ቀን የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። የተጻፈው ያልኩት ነው፤ ያልኩትም ያየሁትና የሰማሁት ነው። ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ አውቄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ሃሌሉያ ሰይፈ ሚካኤል (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ፦ ዋና ሳጅን ዘነበች ተካ (ተፈርሟል)