ከድልድዩ በፊት ወንበር መለዋወጥ

ሐሙስ ጠዋት፣ በትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ፣ በአንድ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። አንደኛው የመስኮት መስታወት እየቆረጠ የሚገጥም፣ ዕድሜው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ መልኩ ጠቆር ያለ ሰው ነው። ሁለተኛው የሚስቱ ታናሽ ወንድምና የሥራ ረዳቱ ነው። ከቤተሰቡ ሁሉ እሱ ብቻ ቀይ ሆኖ ስለ ተወለደ ከልጅነቱ ጀምሮ ቀዮ ይሉታል። ሦስተኛዋ ሰው ቆየት ብላ የመጣች ናት። እሷም የባለመስታወቱ የወንድም ልጅ፣ ተምራ ፋርማሲስት የሆነች ወጣት ናት። የመንጃ ፈቃዷን ለማሳደስ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ስትወጣ፣ አጎቷ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠርዙን በጣቶቹ ሲያሽከረክር አየችው።

"ጋሼ! ምነው፣ በደኅና ነው?"

"በደኅና ነው የኔ ልጅ። እንዲያው ትንሽ ጣጣ ነች፤ አሁን ታልቃለች።"

"ትንሿ ጣጣ እኔ ነኝ" አለ ቀዮ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባለመስታወቱ ሱቅ አዳዲስ ቤቶች ወደሚሠሩበት ሰፈር ለመሄድ ድልድይ መሻገር ግድ ነው። ድልድዩ አፍ ላይ የትራፊክ ፖሊሶች ይቆማሉ። ጠቆር ያለ ሾፌር ሲመጣ እጃቸው ብድግ ይላል፤ ቀላ ያለው ሲመጣ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ይህን የማያውቅ ጥቁር ሾፌር በከተማው የለም፤ ጮክ ብሎ የሚናገርም አልነበረም። ባለመስታወቱ በደረሰ ቁጥር "ብርድ ልብሱን ግለጥ፣ ገመዱን ፍታ፣ አውርድ" ይባላል። መስታወት ደግሞ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በቁሙ ታስሮ የሚጓዝ ዕቃ ነው። መንገድ ዳር ጠጠር ላይ ሲወርድ ጠርዙ ይሸረፋል፤ የተሸረፈውን ደግሞ ማንም ባለቤት አይቀበልም።

ስለዚህ ባለመስታወቱ ዘዴ ፈጠረ። ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ካለው መታጠፊያ ሲደርስ መኪናውን ያቆምና ወርዶ በተሳፋሪው በር ይገባል፤ ቀዮ መሪውን ይይዛል። ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ እንደገና ይለዋወጣሉ፤ መስታወት የጫነ መኪና ወደ ጠባብ ግቢ ማስገባት የባለመስታወቱ እጅ ሥራ ነውና። ይህ ልማድ ዓመታት አስቆጠረ። ማንም አስገድዶ ያስለመዳቸው አልነበረም፤ እንደ ቀበቶ ማሰር የጉዞው አንድ ክፍል ሆኖ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ፖሊስ ለሞተሩ ነዳጅ ሊቀዳ ማደያው ቆሞ ኖሮ ሲለዋወጡ አያቸው። ተከትሎ አስቆማቸውና "ምን ሸሽታችሁ ነው?" ብሎ ጠየቃቸው። ሁለቱም ዝም አሉ። ባለመስታወቱን በትንፋሽ መለኪያ መሣሪያ አስነፍቶ መጠጥ ቢያጣበትም፣ ቀዮን ግን "የሌላ ሾፌር ጥፋት ለመሸፈን መሪ ይዟል" ብሎ መንጃ ፈቃዱን ወሰደበት። ክፋቱ፣ ቀዮ ስንት ዓመት ሲመኘው የኖረውን የአምቡላንስ ሾፌርነት አግኝቶ ሰኞ ሥራ ሊጀምር ነበር። ፈቃዱ ከታገደ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ወጣቷ ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ታዲያ ገብተው ምን ሊሉ ነው?"

"ጉልበቴን አሞኝ ነው እላለሁ።"

"አሞዎት ነበር?"

"በኔ ዕድሜ ጉልበቱን የማያመው ሰው የት አለ?"

"ትናንት መሰላል ላይ ወጥተው ላይኛው ፎቅ ሲገጥሙ ጉልበትዎ የት ሄዶ ነበር?" አለ ቀዮ።

"አንተ ዝም በል! እኔ ያንተን ሥራ ላድን እንጂ ለራሴ መሰለህ?"

"ጋሼ፣ አይቆጡኝና" አለች ልጂቱ፣ "ጉልበትዎ ታሞ ከነበረ እስከ ማደያው ድረስ እንዴት ነዱ ብለው ይጠይቁዎታል። ከዚያ የታመመ ሰው መንዳት የለበትም ብለው የእርስዎንም ፈቃድ ይቀበሉዎታል። ቀዮንም አላዳኑት፣ ራስዎንም ጨመሩ።"

በዚህ መካከል ጉዳያቸውን የምታየው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በር ተከፈተ። ባለመስታወቱ ሳያስበው ከወንበሩ ብድግ አለ። የተጠራው ግን ማዶ የተቀመጠ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ባለመስታወቱ ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

"አየሽ የኔ ልጅ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኔ እዚህ ከተማ ያረጀሁት አፌን ይዤ ነው። ፖሊስ ሲያስቆምህ ባርኔጣህን ታወልቃለህ፤ እጅህን መሪው ላይ ታደርጋለህ፤ እሺ ጌታዬ ትላለህ፤ ትሄዳለህ። አባትሽም እንዲሁ ነው ያደረገው፤ ይኸው በሰላም አሳደገሽ።"

"እጅ መሪው ላይ ማድረጉ ጥሩ ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። ትሕትናውን ማን ጠላ? እኔ የምለው ትሕትናና ዝምታ ሁለት ናቸው።"

"ላንቺ ሁለት ናቸው። ለነሱ አንድ ነው። እንደኛ የጠቆረ ሰው አፉን ከከፈተ ተናገረ አይባልም፤ ተሳደበ ነው የሚባለው።"

ባለመስታወቱ ይህን ያለው በከንቱ ፍርሃት አልነበረም። አንድ ጓደኛው "ምን አጠፋሁ?" ብሎ በመጠየቁ ብቻ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲውል አይቷል። እንዲህ ያየ ሰው ዝም ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን የአንዱ ዝምታ ለሌላው ሕግ እየሆነ፣ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ መሄዱን ልብ አላለውም ነበር።

"እስኪ ይህን ይመልከቱልኝ" አለች ልጂቱ። "አንድ ጥቁር ሾፌር ሄዶ ቢያመለክት ምን ይሉታል? ጭነትህ አጠራጥሮን ነው፤ ፍጥነትህ በዝቶ ነው፤ መኪናህ አርጅቶ ነው ይሉታል። እርስዎን ግን እንዲህ ሊሉ አይችሉም። መኪናው አንድ፣ ጭነቱ አንድ፣ ገመዱ አንድ፣ መንገዱ አንድ ነው። የሚለወጠው መሪው ላይ ያለው ፊት ብቻ ነው። እርስዎ ሲነዱ ይቆማል፤ ቀዮ ሲነዳ ያልፋል። እኛ አንድ መድኃኒት መሥራት አለመሥራቱን የምናውቀው እንዲህ ነው። ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትተን አንዱን ብቻ እንለውጣለን። እርስዎ ሳያውቁት ስንት ዓመት ፈተኑት።"

"አቤት! እኔ መርማሪ ሆኛለሁ በይኛ!"

"ሆነዋል እንጂ።"

"ጋሼ፣ እውነቷን እኮ ነው" አለ ቀዮ። "የኋላ መብራቱ የተቃጠለ ጊዜ ትዝ አይልዎትም? እኔ ነድቼ ሳልፍ ፖሊሱ ወንድሜ መብራትህን አሠራው ብሎ ሸኘኝ። እርስዎ አሠርተው በማግሥቱ ሲያልፉ ግን..."

"ሁሉንም አስወረዱኝ።"

"መብራቱ እየበራ!"

"እየበራ" አለ ባለመስታወቱ፣ ወደ ወለሉ እያየ።

ቀዮ ወደ እሱ ዞሮ ተቀመጠ። "አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እስከ ዛሬ አፍሬ አልነገርኩዎትም። ሰው ቀዮ ብሎ ሲጠራኝ ደስ ይለኝ ነበር። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ግን ቆዳዬ የይለፍ ወረቀት ይሆናል። እኔ ፖሊሱን ሰላም ስል እርስዎ አጠገቤ ዐይንዎን ጫማዎ ላይ ይተክላሉ። መኪናው የርስዎ፣ ሙያው የርስዎ፣ ያስተማሩኝ እርስዎ። ያን ጊዜ ማፈር የነበረበት ሰው እርስዎ አልነበሩም።"

ባለመስታወቱ በመጨረሻ የሚያስፈራውን ነገር አወጣው።

"እሺ፣ ተናገርኩ እንበል። ሴትዮዋም አመነችኝ እንበል። ነገ እኮ ያንኑ ድልድይ እሻገራለሁ! የሚጠብቁኝ እነዚያው ሰዎች ናቸው። ያን ጊዜ አንቺ ፋርማሲሽ ውስጥ ነሽ፤ እሱ አምቡላንሱ ላይ ነው። እኔ ከመስታወቴ ጋር ብቻዬን ነኝ።"

ይህን ጥያቄ የሚያቀልል ሰው ወይ አላዋቂ ነው ወይ ውሸታም፤ ልጂቱ ግን ሁለቱንም አልነበረችም።

"ሊያስቸግሩዎት ይችላሉ" አለች። "አይነኩዎትም ብዬ አልምልልዎትም። ግን ዛሬ ቢያስቸግሩዎት ማን ይጠየቃል? ማንም። ቃልዎን ከሰጡ በኋላ ከሆነ ግን፣ ያስቸገረዎት ሰው ለምን እንዳደረገው የሚጠይቀው አለቃ ይኖራል። ደግሞ ጋሼ፣ ፖሊሶቹ ሁሉ ክፉዎች ናቸው አላልኩም። ክፉ ያልሆነውም ሳይታወቀው እጁ ይነሣል፤ እንዲህ ሲደረግ እያየ ነው የለመደው። ለምን አስቆምከው የሚለው ሰው ካገኘ፣ እጁን ከማንሣቱ በፊት ራሱን ይጠይቃል። ለነሱም ይጠቅማቸዋል። የርስዎን ብርድ ልብስ ሲገልጡ እኮ ሰክሮ የሚነዳው በጎናቸው ያልፋል።"

"ይህስ እውነት ነው። አንዴ እኔን ሲያስወርዱኝ አንዱ እየተወላገደ አልፎ የድልድዩን ብረት ገጭቷል።"

"ይኸው! ፊት እየመረጡ ሲያስቆሙ ጥፋቱ ያመልጣቸዋል።"

በሩ እንደገና ተከፈተ። የጭነት መኪናው ሾፌር ወጣ፤ ማንንም ሳያይ ደረጃውን ወረደ። ባለመስታወቱ በዐይኑ ተከተለው። ከሰውየው ፊት ምን እንደ ተደረገ ሊያነብ ሞከረ፤ ምንም አላገኘበትም።

"ጋሼ" አለ ቀዮ፣ ቀስ ብሎ። "እኔ ሥራው ቢቀርብኝ ሌላ እፈልጋለሁ። የኔን ልጅ ግን ያውቋታል። መልኳ እናቷን ነው፤ ጥቁር ናት። ትናንት አሻንጉሊት መኪና ይዛ ሾፌር እሆናለሁ ስትል ነበር። አድጋ ስትነዳ ድልድዩ ጋ ስትደርስ፣ ከማን ጋር ነው ወንበር የምትለዋወጠው?"

ባለመስታወቱ ያቺን ሕፃን እንደ ዐይኑ ብሌን ይወዳት ነበር። ባርኔጣውን ማሽከርከሩን ተወ።

"ቀጥሎ!" የሚል ድምፅ ከውስጥ ተሰማ።

ሁለቱ ወንዶች ገቡ፤ የወንድሙ ልጅም ተከተለች፤ ማንም አልከለከላትም። ኃላፊዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣለች። ያ ባለሞተር ፖሊስ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ባለመስታወቱ እሱን ሲያይ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ያዘ።

"አባት፣ ይቀመጡ" አለች ኃላፊዋ። "ከማደያው ጀርባ ሾፌር የቀየራችሁት ለምንድን ነው?"

"ጉልበቴን..." ብሎ ጀመረ። ስንት ቀን ሲለማመደው የሰነበተው ቃል ነበርና ሳያዝዘው ከአፉ ወጣ።

"ጉልበትዎን ምን?"

ባለመስታወቱ ዞሮ ቀዮን አየው።

"ጉልበቴን ምንም አላመመኝም" አለ ባለመስታወቱ። "የቀየርነው በመልኬ ምክንያት ነው፣ እመቤቴ። እኔ ስነዳ ያስቆሙኛል፤ መስታወቴን ያስወርዱኛል። እሱ ሲነዳ ግን ያልፋል። መኪናው ያው፣ ጭነቱም ያው ነው። ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ይህ ልጅ ያጠፋው ነገር የለም። የሸሸነውም እንዲህ መደረጉን ነው እንጂ ሌላ ጥፋት የለንም።"

ኃላፊዋ መነጽሯን አወረደች፤ ወደ ፖሊሱም ዞረች።

"አንተ ድልድዩ ላይ ሠርተሃል። ይህን መኪና ታውቀዋለህ?"

"አውቀዋለሁ። ብዙ ጊዜ ፈትሸነዋል።"

"ማን ሲነዳው?"

ፖሊሱ በእጁ ባለመስታወቱን አሳየ። "እሳቸው ሲነዱት።"

"ይህኛው ሲነዳውስ?"

"አላስታውስም።"

"አንድ ቀን እንኳ?"

ፖሊሱ ዝም አለ። በዚያ ክፍል ውስጥ በዚያች ሰዓት ዝም ያለው እሱ ብቻ ነበር።

የቀዮ መንጃ ፈቃድ የዚያኑ ዕለት ተመለሰለት፤ ባልተፈቀደ ቦታ በመቆማቸው ግን ሁለቱም ተገሠጹ። ሰኞ ጠዋት አምቡላንሱን ይዞ ወጣ። የባለመስታወቱን ነገር የሰሙ ሌሎች ሾፌሮች አንዱ አንዱን እያየ መጥተው ቃላቸውን ሰጡ። ጊዜ ወስዶም ቢሆን፣ ድልድዩ ላይ የሚቆም ፖሊስ ጭነት ከማስፈታቱ በፊት ስሙንና ያስቆመበትን ምክንያት ለሾፌሩ እንዲናገር ታዘዘ። ከዚህ የተገኘው ጥቅም በዐይን የሚታይ ነው። ያለ ጥፋቱ የሚቆም ሰው ቀነሰ፤ ዕቃ በጊዜውና በደኅና መድረስ ጀመረ፤ ፖሊሱም ዐይኑን ከፊት ላይ አንሥቶ ወደ መንገዱ መለሰ። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለት አይደለም። ዛሬም ሳያስፈልግ እጁን የሚያነሣ አለ። ሾፌሩ ግን በትሕትና የሚጠይቀው ጥያቄ አገኘ።

ትእዛዙ በወጣ ሰሞን ባለመስታወቱ ብቻውን እየነዳ ወደ ድልድዩ ሄደ። ማደያው ጋ አልቆመም። ድልድዩ አፍ ላይ ፖሊሱ እጁን አነሣ። ባለመስታወቱ ቆመ፤ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ "ጌታዬ፣ ምክንያቱን ይንገሩኝ" አለ። ፖሊሱ ጭነቱን አየ፤ ቀጥሎ ፊቱን አየ። የሚናገረው ምክንያት አልነበረውም። "እለፍ" አለው፤ አለፈ።