የሰኞ ደረት

ክቡራትና ክቡራን! ጓድ ሥራ አስኪያጅ ሀብተ ማርያም፣ የሠራተኛ ማኅበራችን ጓዶች፣ የጥጥ ማበጠሪያ ክፍል ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በር ላይ ቆመህ ብስኩቱን በዓይንህ የምትበላው ዘበኛችን ሙመድም ጭምር! በዚህ ሙቀት ለስላሳውን በበረዶ አቆይታችሁ፣ ሥራችሁን አቋርጣችሁ ልትሸኙኝ ስለተሰበሰባችሁ አላህ ይስጥልኝ።

ንግግሩን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። በእጄ! ያላመነ መጥቶ ወረቀቱን ይይ። በማታው የመሠረተ ትምህርት ክፍል ሌላው ሲያንቀላፋ እኔ ሰማታር ፊደሉን እንደ ጥጥ አበጥሬ አወጣሁት። ዛሬ ከከዚራ እስከ መጋላ ያለ የሱቅ ሰሌዳ ያላነበብኩት የለም። ባለቤቴ ሃሊሞ ከእኔ ጋር ገበያ መውጣት ትታለች። "አንተ ሰሌዳ ስታነብ ሥጋው ያልቃል" ትለኛለች።

እንደምትሰሙት ዓረፍተ ነገሮቼ አጫጭር ናቸው። አስተማሪያችን "አራት ነጥብ ማረፊያ ነው" ብላናለች፤ እኔም ማረፊያ አበዛሁ። ለምን እንዳበዛሁ ታውቃላችሁ። ይኸው፣ አሁንም ትንሽ ልረፍ።

እሺ።

ይህ ደረት ምን ዓይነት ደረት እንደነበር የሚመሰክርልኝ አለ? ማሽኑ ሁሉ እየጮኸ እኔ ከማበጠሪያው "ወሪያ! ምሳ!" ስል እዚህ ምግብ ቤቱ ድረስ አይሰማም ነበር? ሙመድ ባቡር የመጣ መስሎት በሩን ከፍቶ አልወጣም? ዛሬ ይህን ወረቀት ለመጨረስ እንኳ ውሃ አስቀምጡልኝ ብያለሁ።

ነገሩ የጀመረው በሰኞ ነው። እሁድ ደህና ነኝ። ሰኞ ማሽኑ ሲነሳ፣ የጥጡ ብናኝ እንደ ጉም ክፍሉን ሲሞላው፣ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠበት ይመስለኛል። ማክሰኞ ቀለል ይላል። የእኔ ብቻ አልነበረም። የማበጠሪያ ክፍል ሰው ሁሉ ሰኞ ያስል ነበር። ስም እንኳ አውጥተንለታል፤ "የሰኞ ደረት" እንለዋለን።

ምክንያቱንም ሁላችን የምናውቅ መስሎን ነበር። የእሁድ በርጫ ነዋ! እኛ የእሁዱን ጫት ወቀስን። ክርስቲያን ወንድሞቻችን የእሁዱን ጠላ ወቀሱ። ጓድ ሀብተ ማርያም ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስንፍና ነው አሉ። ይህ ሂስ አይደለም። ሂስ ከመሰለ ሰማታር ቀለደ በሉና እለፉት።

ከዚህ ሁሉ ሰው ዱዓሌ ብቻ አልተስማማም። ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ማሽን የያዘው የሐርላው ዱዓሌ። ያ ሰው ጫት በአፉ ዞሮ አያውቅም። የሚያስለው ግን ከሁላችን በላይ ነው። "ወላሂ አልቅምም!" ይላል። እኛ "ተደብቀህ ነው የምትቅመው፣ ስስታም!" እያልን እንስቅበታለን። በመጨረሻ ሥራውን ትቶ ወደ ሐርላ ተመለሰ፣ ፍየል ልጠብቅ ብሎ። ሄጄ ብጠይቀው ዳገቱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

"ፍየሎቹስ?" አልኩት።

"እነሱማ ደጎች ናቸው። እዚያ ላይ ቆመው እኔን ይጠብቁኛል።"

ሳቅን። እሱ ሳቁን መጨረስ አቃተው። ከዚያ ወዲህ ብዙም አልቆየ። አላህ ይዘንለት።

አምና፣ ታስታውሳላችሁ፣ ዶክተር ገብረወልድ ስለ ጥጥ ሠራተኛ ደረት ሊያጠኑ ከአዲስ አበባ መጡ። ትንፋሽ የሚለካ ማሽን ይዘዋል፤ ቱቦ አለው፣ ትነፋዋለህ። እኛ ጨዋታ መሰለን። ውድድር አደረግነው! ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳንጀምር ነፋን፣ ከሥራ ስንወጣ ደግመን ነፋን። ቢሮ ያሉትንም፣ ዘበኞቹንም አስነፏቸው።

"ዶክተር፣ ሙመድ እኮ ጤነኛ ነው፣ ሥራው መቀመጥ ነው። እሱን ምን ያደርግልዎታል?" አልኳቸው።

"ጤነኛውን ሳልለካ የታመመውን በምን አውቀዋለሁ?" አሉኝ።

ሙመድ ነፋ። አቦ! እሁድን ሙሉ ሲቅም የዋለ ሰው ጠዋትም ማታም እኩል ነፋ። እኔ፣ ባለ ባቡሩ ደረት፣ ጠዋት የነፋሁትን ማታ መድገም አቃተኝ። "ማሽንዎ ተበላሽቷል" አልኳቸው። "ማሽኑስ ደህና ነው" አሉ፣ ቀስ ብለው።

ስለ ወተቱም ጠየቅኋቸው። ብናኙን ያጥባል እየተባለ በየቀኑ የምንጠጣውን ወተት። "ወተቱ ወደ ሆድ ይወርዳል፣ ብናኙ ወደ ሳንባ። የት ተገናኝተው ይተጣጠባሉ?" አሉኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ስንጠጣ መንገዱን የጠየቀ አልነበረም።

ከዚያ የጥናቱ ውጤት መጣ። በአማርኛ ተጽፎ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ማን አነበበው? እኔ! የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቴን ከተቀበልኩ ሳምንት አልሞላኝም ነበር። እናንተ ከበባችሁኝ፣ እኔ ጮክ ብዬ፣ ጣቴን አስከትዬ፣ እስከ ታች አነበብኩት። አጨበጨባችሁልኝ። ለንባቤ ነው ያጨበጨባችሁት። ምን እንዳነበብኩ ግን ማን ሰማ? እኔም አልሰማሁም። ፊደሉ እንዳያመልጠኝ ስሮጥ ነገሩ አመለጠኝ።

ቤት ገብቼ ለልጄ ለቱሪያ የማስታውሰውን በኩራት አወራሁላት። የሰኞ ደረት ከጫት አይደለም፣ ከጠላም አይደለም፣ ከጥጡ ብናኝ ነው። ወጣት ሠራተኛ ቶሎ ከብናኙ ከራቀ ደረቱ ይመለሳል። ብዙ ዓመት የተነፈሰው ግን አይመለስም። ቱሪያ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣

"አባ፣ ይሄ እኮ ስላንተ ነው" አለችኝ።

ትንሽ ልረፍ።

ደረቴ ለሥራ አይሆንም ተብሎ በሐኪሞች ቦርድ ከሥራ የወጣሁት እንዲህ ነው። አልከፋኝም፤ ሠርቻለሁ፣ ልጆች አሳድጌበታለሁ። የሚከፋኝ ሌላ ነው። ቅድም ጓድ ሀብተ ማርያም ተነስተው "በጓድ ሰማታር ቦታ ልጁ ቱሪያ ትተካለች፣ ሰኞ ማበጠሪያ ላይ ትጀምራለች" ሲሉ አጨበጨባችሁ። እንደገና አጨበጨባችሁ! ልጅ የአባቱን ቦታ መውረሱ በዚህ ፋብሪካ ትልቅ ክብር ነው፣ አውቃለሁ። ከሥራ የሚሰናበተው በአፍንጫው ሲያስረው የኖረውን ጨርቅ በልጁ አፍንጫ ላይ ያስራል፣ ሴቶች እልል ይላሉ። የእኔ ጨርቅ ይኸው በእጄ ነው። ሃሊሞ ከድሪያ ቀሚሷ ቀድዳ የሰፋችልኝ። ዶክተሩን ስለ እሱም ጠይቄያቸው ነበር። "የምታየውን ብናኝ ይይዛል፤ የማታየውን ያሳልፋል" ነው ያሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ቢሮዎ ገብቼ ለምኜዎት ነበር፣ ጓድ ሀብተ ማርያም። "ልጄን ማሸጊያ ክፍል ያድርጉልኝ" አልኩ።

"ክፍት ቦታ ያለው ማበጠሪያ ላይ ብቻ ነው" አሉኝ።

"ማበጠሪያው ለምን ክፍት ሆነ?"

"አንተ ስለወጣህ ነዋ።"

"እኔስ ለምን ወጣሁ?"

እስክሪብቶዎን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ከላይ የምርት ዕቅድ አለብዎ፣ ብናኙን የሚስበው ማሽን ለከርሞ ተብሏል። እስከ ከርሞ ግን ስንት ሰኞ አለ?

ቱሪያም ተቆጥታኛለች። ያቻት፣ አሁንም አታየኝም። "ሰው ልጁን ለማስቀጠር ደጅ ይጠናል፣ አንተ ልታስቀረኝ ነው? አንተ ኖረህበት የለ?" አለችኝ። ልመልስላት አፌን ስከፍት ሳሉ ያዘኝ። እስኪለቀኝ ድረስ ቆማ ጀርባዬን ስትደግፍ ቆየች። መልሱን ከእኔ በፊት ጀርባዬ ሰጣት መሰለኝ።

ከዚህ በታች ያለው ወረቀቱ ላይ የለም። ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት "ልጄን አደራ" የሚል ነበር። አደራ ማለት አስረክቦ መሄድ ነው። እኔ አላስረክብም።

ቱሪያ ሰኞ ማበጠሪያ አትገባም። ማሸጊያ ሲከፈት ትምጣ፤ እስከዚያ የቤቴን ችግር እኔ እችለዋለሁ። ጨርቁንም አላስርላትም። አውቃለሁ፣ እሷ ብትቀር ቦታው ባዶ አይቀርም። ከእናንተ መካከል ለቦታው ልጁን ያሰበ አለ። እንዳላየ ሆኜ ነው እንጂ ዓይኑን አይቼዋለሁ። አልፈርድበትም፤ የቤቱን ችግር ያውቃል። ግን ወንድሜ፣ ልጅህን ከማምጣትህ በፊት ሰሌዳው ላይ ያለውን ወረቀት አንብብ። ማንበብ ካልቻልክ እኔ ቤት ና፣ አነብልሃለሁ። በዚህ ጊዜ እንዳታጨበጭብልኝ ብቻ።

ጓድ ሀብተ ማርያም፣ ራስዎን ነቀነቁ። ተስማምተው ነው ወይስ ዝንብ እያባረሩ ነው? ተስማምተው እንደሆነ እንደ ቃል እቆጥርልዎታለሁ።

ጨርቁን ኪሴ ከተትኩት። እልል አትበሉ፤ አሚን በሉልኝ። ጮክ ብዬ ልመርቃችሁ ነበር፣ እንደ ድሮው፣ ባቡሩን በሚያስንቀው ድምፄ። ያ ድምፅ አሁን የለም። ጠጋ በሉ።

እጃችሁ አይድከም። ማሽናችሁ ጣት አይንካ። ልጆቻችሁ ከቁመታችሁ ይለፉ፣ ትንፋሻቸው ከትንፋሻችሁ ይርዘም። ዳገት ላይ ፍየል ቆሞ አይጠብቃችሁ።

ሰኟችሁን እንደ እሁድ ያድርግላችሁ።

አሚን በሉ።