የፈታችኝ ሴት ዋስትና

በደርግ ጊዜ ነው። ከየመን መጥቼ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ጨርቅ ስሸጥ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘሁት ዘይነባን በማግባቴ ነበር። ስንፋታ እሷ ልጆቻችንን ይዛ ኮምቦልቻ ገባች፤ እኔ ፈቃዴን ላሳድስ ቢሮ ሄድኩ። ሹሙ፣ «ሚስትህ ከፈታችህ እዚህ ምን ያቆይሃል? ወዳገርህ ግባ» አለኝ። ልጆቼ ዓይኔ ላይ ድቅን አሉ።

ዘይነባ ይህን ስትሰማ ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ መጣችና ይዛኝ ቢሮው ገባች። «ጓድ፣ ወላሂ ለባልነት አልሆነኝም ብዬ ፈታሁት» አለችው። «ለልጆቼ ግን አባታቸው ነው። ብታባርሩት ሌላ አባት ከየት ላምጣላቸው? ዋሱ እኔ ነኝ።» ሹሙ ሳቁ አመለጠውና ፈቃዴን አደሰልኝ።

ደጅ ስንወጣ እንባዬ መጣ። «አብሽር! ይልቅ ለጁምዓ ና፣ ልጆቹ ይጠብቁሃል» ብላኝ ወደ አውቶቡሷ ሮጠች። እኔም ከስንት ቀን በኋላ ምሳዬን ጠግቤ በላሁ።