ያልተወለደው ልብስ ሰፊ የልጅ ልጅ

የምስክሩ መጠሪያ፦ በሰፈሩ «ጋሽ ወረቀት»
ዕድሜ፦ 68
ሥራ፦ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ ጠዋት

ከሁሉ አስቀድሞ የተቀመጥኩበት ወንበር አንድ እግሩ አጭር መሆኑ እንዲመዘገብልኝ እጠይቃለሁ። መርማሪው «አባቴ፣ ወደ ጉዳዩ ይግቡ» ስላሉኝ ገብቻለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የሰፈራችንን ገጣሚ ቤተሰብ ታሪክ እሰበስባለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ማንም አልከለከለኝም። ፎቶውንም ደብዳቤውንም የዘር ሐረጉንም በአንድ የቆርቆሮ ሳጥን አስቀምጣለሁ። ገጣሚው ከሞቱ ቆይተዋል። በሕይወት ያሉት ብቸኛ ልጃቸው ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው ሴት ሲሆኑ የሚኖሩት በአባታቸው ቤት ነው።

በዘር ሐረጉ ላይ ለገጣሚው ያልነበረ ወንድም ጨምሬላቸዋለሁ፤ ልብስ ሰፊ፣ በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ አንካሳ የሆነ። ይህን ያደረግሁት ሥራዬን የሚሰርቅ ቢኖር በዚህ እንዲያዝ ነው። ለእትዬ ያኔውኑ ብነግራቸው «በስተርጅና አጎት አገኘሁ? በል ቀሚሴን ያሳጥርልኝ» ብለው ስቀዋል።

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ቤቴ መጣ። ሥራው የቤት ድለላ ነው። እናቱ ከሞተች ወዲህ ደጄን ረግጦ የማያውቅ ልጅ «አጎቴ፣ ናፍቀኸኝ እኮ ነው» ሲለኝ «ምነው፣ ለቤቴ ገዢ አገኘህለት እንዴ?» ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም። ሻይ አፍልቼ ስመለስ ሳጥኑ ተከፍቶ እሱ ስልኩን ኪሱ ሲከት አየሁት። «አቧራውን እያራገፍኩልህ ነው» አለኝ። ሳጥኑን ግን በየጠዋቱ የምወለውለው እኔ ነኝ።

ሐሙስ ዕለት እትዬ የፍርድ ቤት መጥሪያ ደረሳቸው። የልብስ ሰፊው የልጅ ልጅ ነኝ የሚል ሰው የቤቱን ግማሽ ይጠይቃል። ማስረጃው በእኔ እጅ የተጻፈው የዘር ሐረግ ፎቶ ነው። እትዬ በዚህኛው አልሳቁም። «አንተ ሰውዬ፣ ያ ልብስ ሰፊህ ከአባቴ ቤት ሊያስወጣኝ ነው» አሉኝ። የእህቴን ልጅ ብጠይቀው «ከሳሹን በዓይኔም አይቼው አላውቅ!» ብሎ ማለልኝ። እኔ ግን እጠረጥረዋለሁ፤ ቃሌን ልሰጥ የመጣሁትም ለዚህ ነው።

ቃሌ እየተነበበልኝ ሳለ የቢሮው በር ተንኳኳ። አንድ የማላውቀው ሰው እያነከሰ ገባ። የልብስ ሰፊው የልጅ ልጅ መሆኑንና እትዬ በር ዘግተውበት ሊያመለክት መምጣቱን ለመርማሪው ተናገረ። ክንዱን ደግፎ ያስገባው የእህቴ ልጅ ነው። ሲያየኝ «አጎቴ! አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለኝ። ተነስቼ ወንበሬን ለሰውዬው ለቀቅሁለት።

ከዛፍ ወድቆ ማንከስ ለልጅ ልጅ እንደማይወረስ ይጨመርልኝ። ይህ ሁሉ ከአፌ የወጣ እውነተኛ ቃሌ መሆኑን ቆሜ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ________
የመርማሪው ፊርማ ________