ጣቴን አላሳርፍበትም

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ የልጃቸውን የትምህርት ቤት ካርድ በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። አጠገባቸው ያለው ጎልማሳ ጠየቃቸው።

«የልጅ ውጤት ነው እትዬ?»

«የልጄ ነው። ለመምህሩ ልመልሰው ነው። ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ ፍኖተ ሰላም፣ ቤቱ ድረስ።»

«ምን ብሎ ጽፎ ነው?»

«ማንበብ አትችልም።»

«መምህር እኮ ያየውን ነው የሚጽፍ።»

«በመጀመሪያው መንፈቅ ያየውን ጻፈ፤ አልተጣላሁትም። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ጎረቤት ነበር ያነበበልኝ። ልጄ ሰምታ አለቀሰች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወንድሟን አስጠናኝ ብላ ያዘችው። አንዱን ገጽ እየተሳሳተች፣ እንደገና እየጀመረች ከረመች።»

«አሁንስ ምን አለ?»

«ያችኑ። ሳያስነብባት የፊተኛውን ገለበጠው። የወላጅ ፊርማ ነው፣ አሻራሽን አድርጊ ይለኛል። ጣቴን አላሳርፍበትም።»

«ልጅቱን ይዘው ቢመጡ ይሻል ነበር።»

«እሷ ምን አጠፋች ብዬ? ትምህርት ሲከፈት ክፍሉ ፊት ቆማ ታነባለች፤ እሱ ቁጭ ብሎ ይሰማል።»

«አይቆጡ እትዬ። ለመሆኑ ያችኑ መጻፉን በምን አወቁ? ይሄንንም ጎረቤት አነበበልዎ?»

«ልጄ ናት ያነበበችልኝ። ማንበብ አትችልም የሚለውን፣ አንድ ፊደል ሳትስት።»

የእኔን ተማሪዎች ካርድ የሞላሁበትን እስክሪብቶ ከደረት ኪሴ አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።