ከሞሚና ላም ሆድ የወጣው ፌስታል

እኛ በጉብዝናችን፣ መምህር፣ ሂርና ገበያ ላይ ጫት ስንሸጥ ፌስታል የሚባል ነገር አናውቅም። የምንጠቀልለው በሙዝ ቅጠል ነው፣ ቅጠሉንም ከብት ይበላዋል፣ አለቀ። ታዲያ ፌስታል መጣና እኔም ነጋዴ ነኝ፣ ያዝኩት። እጄ ግን የለመደውን አልተወም፤ ገበያ ስጨርስ ገረባውን፣ የጫቱን ትራፊ ማለቴ ነው፣ ከነፌስታሉ ቋጥሬ ደጅ አኖራለሁ፣ የጎረቤቴ የሞሚና ላም መጥታ ትበላለች። እኔ እኮ ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ነው!

ታዲያ ይቺ ላም ዘንድሮ ከሳች፣ ከሳች፣ ሆዷ ግን ተነፋ። ሞሚና ታለቅሳለች፤ እናቱ የሞተችበትን የልጅ ልጇን የምታሳድገው በላሟ ወተት ነው። "ዓይን በልቷት ነው" ትላለች፣ እና እኔም አብሬ "አዎ፣ ዓይን ነው" እላለሁ። ትሰማኛለህ? እኔ! በመጨረሻ የከብት ሐኪሙ መጣና ሆዷን ነካ ነካ አድርጎ "እናቴ፣ አትድንም፤ ሳትሞት ትታረድ" አላት።

ታረደች። ሆዷ ሲከፈት፣ ልጄ፣ በስመ አብ! አንድ ጥቅል ወጣ፣ ሁለት ሰው ነው ያነሳው። ውሃ ደፉበት፤ ፌስታል፣ ፌስታል፣ ሁሉም ፌስታል። ያ አገዳ የሚፈጭ ሆድ አንዷን እንኳ አልፈጨም። ቋጠሮው ራሱ አልተፈታም! ቋጠሮው ደግሞ የኔ ነው፣ ግራኝ ነኝ፣ የእጄን ሥራ አውቀዋለሁ።

"ሞሚና፣ ላምሽን የገደልኳት እኔ ነኝ" አልኳት።

አየችኝ፣ አየችኝና "ያ ረቢ! እኔስ? ገመዷን እየፈታሁ ወደ ደጅሽ የምለቃት እኔ አይደለሁ?" አለች። ተቃቅፈን አለቀስን።

እና ትልቁ ልጇ ጥቅሉን እየጎተተ "የት ልጣለው?" አለ።

"ገደል ክተተው" አልኩ።

"የሌላ ሰው ላም ትበላዋለች" አለች ሞሚና።

"ይቃጠላ!"

"ጭሱ ሕፃኑን ያፍንብኛል።"

"ይቀበር እንግዲያ!"

"ክረምት ሲገባ ጎርፍ ያወጣዋል።"

ወይ ጉድ! አፈር እንኳ የማይቀበለው ነገር አይተህ ታውቃለህ? እኔ ነገ አፈር እሆናለሁ፣ እሱ ግን ቋጠሮው እንደታሰረ ይኖራል። የምታለብ ፍየሌን ለሕፃኑ ሰጠሁ፣ ጥቅሉን በጆንያ አስሸክሜ እቤቴ አስገባሁ። ያው፣ ከበስተጀርባህ ነው ያለው። በል አንተ የተማርክ ነህ፣ የት ልጣለው?

"እንጃ፣ እማማ። እኔም ይኸው ሙዝ ይዤልዎት የመጣሁት በፌስታል ነው።"