የጨው ዋስ

በእኛ ጊዜ ሰው የሚሞት ወይ በዕድሜው ወይ በጠላቱ ነበር፤ በጨው የሞተ ሰው አልሰማንም። ሰማችሁ? ጨው ያልገባበት ወጥ ለውሻም አይሰጥም፣ እንዲያ ነበር የምናውቅ። ታዲያ ያ የጤና ኤክስቴንሽን የሚሉት መጣና፣ ደብተር የያዙ ልጃገረዶች በየቤቱ እየገቡ ሽንት ቤት ቆፍሩ፣ እጃችሁን ታጠቡ ማለት በጀመሩበት ዘመን፣ እኔን ራሴን ያዞረኝ፣ ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ የተተከለ ይመስል ይጮኽብኝ ጀመር፣ እና ባለቤቴ እናኑ ከማንኩሳ ፍኖተ ሰላም እየጎተተች ወሰደችኝ።

እዚያ አንድ ለጋ ሐኪም ክንዴን በጨርቅ ጠቅልሎ ነፋው፣ ነፋው፣ እንደገና ነፋው። ደምዎ በጣም ከፍ ብሏል አለኝ። እኔ ከፍ ማለት ክፉ መሆኑን በምን ልወቅ፣ ተመስገን አልሁት። የለም አባባ አለና፣ ጨው ይተዉ፣ ቅቤ ይቀንሱ፣ አረቄ አይቅመሱ፣ ይቺን ክኒን በየቀኑ ይዋጡ፣ አለዚያ አንድ ቀን ወይ እጅዎን ወይ ምላስዎን ይይዘዋል አለኝ።

ምላስዎን ሲለኝ ነው የደነገጥሁ። ልጆቼ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ። ሽበቱን ማለቴ አይደለም፣ አስታራቂ ነኝ። ባልና ሚስት ቢጣሉ፣ ድንበር የተጋፋ ቢሆን፣ ደም የተቃባ ሳይቀር ከዋርካው ሥር ሲቀመጥ «አያ ቢምረው ይምጡ» ነው የሚባል። ማረሻዬ ምላሴ ናት። ቡሬ ደግሞ አንድ ጓደኛ ነበረኝ፣ እንደ እኔው አስታራቂ፣ ይኸው በሽታ መትቶት አፉ ወደ ጆሮው ዞሮ፣ ሲጠይቁት በእንባ ብቻ የሚመልስ። እሱን አሰብሁና ምን ልሁን ታዲያ አልሁት ሐኪሙን።

«በእርስዎ እጅ ነው» አለኝ።

በእኔ እጅ! ይሄ አልገባኝም። በእኛ አገር ሰው ይህን ዳግም አላደርግም ሲል በቃሉ ብቻ ማን ያምነዋል? ዋስ ይጠራል። ዋሱ ይጠብቀዋል፣ ቃሉ ቢፈርስ ዋሱ ይቀጣል። ታዲያ እኔም አገሬ ስገባ ሽማግሎቹን ሰበሰብሁና፣ ከጨውና ከአረቄ ጋር ተጣልቻለሁ፣ ዳግም እንዳልደርስባቸው ዋስ ልጥራ አልሁ። ሳቁ። በኋላ ግን ነገሩ ሥርዓት ያለው መሰላቸውና ተቀበሉ። ዋስ የሆነልኝ የእናኑ ወንድም ደረሰ ነው፤ ደግ፣ ተንኮል የማያውቅ፣ ቃሉን እንደ ታቦት የሚፈራ ሰው። ቅጣቱም እንደ አገሩ ልማድ ሆነ፤ ቃል ቢፈርስ ዋሱ በግ አርዶ ሽማግሎቹን ያበላል።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። ሽማግሎቹ እነማን ናቸው? እኔም አለሁበት። ያኔ ይህን ከመካከላችን ያሰበ አልነበረም።

ደረሰ ሥራውን ያዘ። ዝክር ብጠራ ከጎኔ ነው፣ ተስካር ብሄድ ከጎኔ ነው፣ ጅጋ ገበያ ብወርድ ከኋላዬ ነው። አረቄ ሲቀዳልኝ መለኪያውን በመዳፉ ይከድንና «አያ ቢምረው ዋስ አለባቸው» ይላል፤ የጅጋ ሰው ምን ሰርቀው ይሆን እያለ ያየኛል። ብቻዬን እንዳላፍር ብሎ ደግሞ እሱም ጨው ተወ፣ አረቄ ተወ፣ እና እናኑ ጨው የሌለው ወጥ በአንድ ድስት ትሠራልናለች፣ ሁለታችን ፊት ለፊት ተቀምጠን እንደ መነኩሴ እናላምጣለን።

እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዋስ ከጠራሁ ወዲያ ነገሩን ከራሴ አወረድሁት። ጤናዬ የደረሰ ሥራ ሆነ። ካየኝ ጾመኛ ነኝ፤ ካላየኝ ጥፋቱ የእሱ ነው፣ ያልጠበቀ ምን ዋስ ይባላል? ክኒኑን ስረሳም መቼ አስታወስኸኝ እያልሁ በእሱ አመካኝ ነበር።

እናኑ ጨዉን ከቤት አጥፍታዋለች። የከብቱን ጨው ግን ማን ያጠፋል? በስልቻ ሆኖ ከበረቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ታዲያ ጠዋት ጠዋት በሬዬን ቦራን ጨው ላልሰው ብዬ እገባና፣ አንድ ጊዜ ለእሱ፣ አንድ ጊዜ ለእኔ፣ አንድ ጊዜ ለእሱ፣ አንድ ጊዜ ለእኔ። ኋላማ ለቀኑም እንዲሆነኝ በጨርቅ ቋጥሬ ኮቴ ኪስ ውስጥ መያዝ ጀመርሁ።

አንድ ቀን ከደጅ ተቀምጠን፣ እኔና ደረሰ፣ ያንን ወጣችንን እየበላን ሳለን ቦራ ከበረት ተለቀቀ። ሣሩን አለፈው፣ ውኃውን አለፈው፣ ቀጥ ብሎ እኔ ዘንድ መጣና ጺሜን ከነከንፈሬ ላሰኝ። ደረሰ ፍቅር መሰለው፣ ከብት ጌታውን ሲወድ እንዲህ ነው አለ። ከዚያ ቦራ አፍንጫውን ኪሴ ውስጥ ከተተና ጨርቁን ስቦ አወጣው። ጨዉ ተበተነ። ደረሰ ጨዉን አየው፣ እኔን አየኝ። አልተቆጣም።

«አያ ቢምረው፣ አስቀጡኝ» ብቻ አለ።

እናኑ በደህናው ቀን አንተ ነው የምትለኝ፣ ስትቆጣ አንቱ ትለኛለች። «አንቱ ከበሬ ጋር ማዕድ የቆረሱ ሰውዬ፣ እራትዎን ገለባ ላቅርብልዎ?» አለች።

ታዲያ በጉ ታረደ። ሽማግሌ በሙሉ ደረሰ ቤት ተሰበሰበ። እኔስ? ብቀር የዋሱን ቤት ናቀ ልባል ነው፣ ሄድሁ። በጉ በቅቤ ተሠርቷል፣ በማንኩሳ በርበሬ ተሠርቷል፣ ጨው በላ ተብዬ የታረደው በግ በጨው ተሠርቶ ቀረበልኝ። ደረሰ ከጓዳው በር ቆሞ ያስተናግዳል፣ አንዲት ጉርሻ አልቀመሰም፤ ዋስነቱ ገና አልወረደለትም። እኔ በላሁ። ቅጣት ነው እያልሁ በላሁ። አረቄም ነበር።

በማግሥቱ ከዋርካው ሥር ተቀምጠናል። ሁለት ወንድማማቾች በመስኖ ውኃ ተጣልተው ታርቀዋል፣ የቀረው ምርቃት ነው፣ ምርቃቱ የእኔ ነው። ተነሣሁና «እግዚአብሔር» ልል አፌን ብከፍት ምላሴ እንደ እርጥብ ቆዳ ተለጥፋ አልነሣ አለችኝ። «እ… እ…» አልሁ። ሰዉ «አሜን» አለ። እንደገና «እ…» አልሁ። እንደገና «አሜን» አሉ። ሳቁ ልጆቼ፣ አሁን እኔም እስቃለሁ፤ ያኔ ግን የቡሬው ጓደኛዬ ፊት ነው ዓይኔ ላይ የመጣ።

በቃሬዛ አድርገው ከመኪና መንገድ አደረሱኝ፣ ፍኖተ ሰላም ስንገባ ምላሴ ቀስ በቀስ ተመለሰችልኝ። ያው ሐኪም ለካኝና ራሱን ነቀነቀ። ደረሰ ከጎኔ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል፣ እሱም ድሮ ራሱን ያመው እንደነበር ነገረው፣ ሐኪሙም ይምጡ እስቲ ብሎ እሱንም ለካው። ሐኪሙ አላመነም መሰለኝ ደግሞ ለካው።

«ደምዎ የጎረምሳ ነው። ምን መድኃኒት ወስደው ነው?»

«ምንም፤ ዋስ ሆኜ ነው» አለ ደረሰ።

ነገሩን ከሥሩ ሲሰማ ሐኪሙ ሳቁን መያዝ አቃተው። እኔ ግን አልሳቅሁም። እሱ ጾመ፣ እሱ ዳነ፤ እኔ ያመመኝ ሰውዬ በሬ ፊት ቆሜ ጨው ስቆጥር ከረምሁ።

አገር ስንገባ ደረሰ ከሽማግሎቹ ፊት ቆመና ከዋስነቱ አውርዱኝ አለ። «እኔ ድኛለሁ፣ እሳቸው ሊሞቱብኝ ነው» አለ። ሌላ ዋስ ይጥሩ አሉኝ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ሁሉም ዓይኑን መሬት ላይ ጥሏል። እኔው ለራሴ እሆናለሁ አልሁ። ሰው ለራሱ ዋስ ሲሆን ታይቶ አይታወቅም ብለው ተንጫጩ፣ አንዱም ነገረኛ ተነሣና «ቃሉ ቢፈርስ ማን ያርዳል?» አለኝ።

«የሚያርድ የለም፤ የሚታረደው ግን እኔ ነኝ» አልሁት።

ተቀበሉኝ። ስልቻው አሁንም እዚያው ግድግዳ ላይ ነው፤ ቦራን በእጄ አልሳለሁ፣ እጄን ታጥቤ እወጣለሁ። ክኒኗን ማንም አያስታውሰኝም። ሁልጊዜ አሸነፍሁ አልላችሁም፤ አንድ ፋሲካ ላይ ከዶሮ ወጡ በጣቴ ጠቀስሁ። ማንም አላየኝም። ራሴው ሄጄ ለእናኑ ነገርኋት፣ እና አንቱ አላለችኝም።

አያ ቢምረው ይህን ሲጨርሱ የልጃቸው ሚስት ስንዱ ምሳቸውን አቀረበችና፣ ጨው አላደረግሁበትም አባባ፣ ሲበሉም ቆሜ አያለሁ አለቻቸው።

«ሂጂ የራስሽን ብዪ፤ ቆሞ የጠበቀኝ ሰው ራሱ ድኖ ሄደ» አሏት።

ስንዱ እየሳቀች ተቀመጠች። እሳቸው ቀመሱ፣ ፊታቸውን አጨማደዱ፣ «ለውሻም አይሰጥም» አሉና እስከ መጨረሻው ጠርገው በሉ።